ሁለት የሞተር ዘይቶችን በላቦራቶሪ ምርመራ ማወዳደር፦ ብረቱ በእጥፍ የጨመረው በዘይቱ ምክንያት ነውን?

ጥያቄ፦ የሦስት ልጆች አባት፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሞተር ዘይት በየጊዜው የሚነሣውን ክርክር ከዳር ሆኜ ስከታተል ቆይቻለሁ። አንዱ የሚምልበትን ዘይት ሌላው ሲያጣጥለው መስማት ስለሰለቸኝ፣ ከመኪናዬ የወጣውን ያገለገለ ዘይት ሁለት ጊዜ ለላቦራቶሪ ልኬ አስመርምሬአለሁ። አሁን ሁለቱ ወረቀቶች ፊቴ ተቀምጠዋል፤ የሚሉትን በትክክል ስለመረዳቴ ግን እርግጠኛ ስላልሆንኩ፣ ሙያው ያላችሁ እንድትረዱኝ እለምናለሁ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ2015 ሥሪት ቶዮታ ሲዬና ናት። ባለ 3.5 ሊትርና ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር አላት፤ ፊልትሮው አብሮ ሲቀየር 6.1 ሊትር ገደማ ዘይት ትወስዳለች፤ እስካሁን 118,000 ማይል ሄዳለች። አምራቹ 0ደብልዩ-20 ሲንተቲክ ዘይት ያዛል (የመጀመሪያው ቁጥር የዘይቱን ውፍረት በብርድ፣ ሁለተኛው በሙቀት ያመለክታል)፤ በመደበኛ አነዳድ በየ10,000 ማይሉ ወይም በየዓመቱ እንዲቀየርም ይመክራል። እኔ ግን በየ5,000 ማይሉ ገደማ ራሴ ከመኪናው ሥር ገብቼ እቀይራለሁ፤ ይህ ከአባቴ የወረስኩት ልማድ ነው።

በመጀመሪያው ዙር የሞላሁት ስመ ጥር የሆነ ውድ ዘይት ሲሆን፣ አንዱ ሙሌት 55 ዶላር ገደማ አስወጥቶኛል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት 5,000 ማይል ተሄደበት፤ በመካከሉ ልጆቹን ይዘን እስከ አትላንታ ደርሰን ተመልሰናል። ውጤቱ ብረት 8 ፒፒኤም (በሚሊዮን ውስጥ 8 እጅ)፣ አሉሚኒየም 2፣ መዳብ 2፣ እርሳስ 0፣ ሲሊኮን 11 ይላል። ውፍረቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 8.2 ሴንቲስቶክ፣ አሲድ የመመከት አቅሙን የሚያሳየው ቲቢኤን ደግሞ 3.9 ሆኖ ተገኝቷል።

በሁለተኛው ዙር የሞላሁት አንድ ትልቅ መደብር በራሱ ስም የሚሸጠውን ርካሽ ዘይት ነው፤ ሙሌቱ 28 ዶላር ገደማ ነበር። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ 4,300 ማይል ተሄደበት፤ አብዛኛው ልጆችን ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ገበያና ቤተ ክርስቲያን ነው። ይኸኛው ወረቀት ብረት 15፣ አሉሚኒየም 5፣ መዳብ 2፣ እርሳስ 0፣ ሲሊኮን 27፣ ውፍረት 7.6፣ ቲቢኤን 2.1 ይላል። ለሺህ ማይል ሳሰላው ብረቱ ከ1.6 ወደ 3.5 አድጓል፤ ይህም ከእጥፍ በላይ ነው።

የሁለቱን ዘይቶች ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ የስም ጦርነት እንዲቀሰቀስ አልፈልግም። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ በ27 ዶላር ቁጠባ ሞተሬን በእጥፍ እያስበላሁት ነውን?

መልስ፦ የጋራዥ ሰው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ወንድሜ፣ በመካኒክነት ወደ 30 ዓመት ስለሚጠጋኝ፣ ጠንከር ብዬ ብናገር ቅር እንዳይሰኙ። ለሁለቱ ወረቀቶች 80 ዶላር ያህል ሳይከፍሉ አልቀሩም፤ በዚህ ገንዘብ ከዚያው ርካሽ ዘይት ሁለት ሙሌት ገዝተው ትርፉን ለልጆቹ ያውሉት ነበር። በእጄ ተፈትተው ካየኋቸው ሞተሮች መካከል የሞተበት ምክንያት የዘይት ስም የሆነ አንድም አላስታውስም። የሚሞቱት ዘይታቸው ጎድሎ ማንም ሳያያቸው ሲቀር፣ በ20,000 ማይል እንኳ ሳይቀየርላቸው ሲቀርና ውስጣቸው እንደ ሬንጅ ሲጋገር፣ ወይም ሞቀው እየጮኹ «ትንሽ ልንዳት» ሲባል ነው።

እኔ የማምነው ምርመራ ሌላ ነው። የወጣውን የዘይት ፊልትሮ በመቁረጫ እከፍትና የውስጡን ወረቀት ዘርግቼ በባትሪ ብርሃን አየዋለሁ። የሚያብለጨልጭ ስብርባሪ ካለ ብሮንዚናው (የሞተሩን ዘንግ የሚሸከመው ስስ ብረት) ወይም ሌላ ነገር እየተበላ ነው ማለት ነው፤ ከሌለ ደግሞ ቡናዬን እጠጣለሁ። እርስዎ ፊልትሮውን ከፍተው አይተውታልን?

መልስ፦ የቅባት መርማሪ፣ ጀርመን

ጠያቂው ማይሉንና ወራቱን፣ እንዲሁም የአነዳዱን ዓይነት ጭምር ስለመዘገቡ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ሰው ቁጥሩን ብቻ ልኮ ፍርድ ይጠይቃል። በቅባት መመርመሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ለዓመታት ስለሠራሁ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ታገሡኝ። ብረቱ ለምን ጨመረ የሚለውና የትኛው ዘይት ይሻላል የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ እነዚህ ሁለት ወረቀቶች የሚመልሱት የመጀመሪያውን ብቻ ይመስለኛል።

አስቀድሞ መሣሪያው ምን እንደሚያይ እንነጋገር። ዘይቱ በማሟሟያ ከተቀጠነ በኋላ ፕላዝማ በሚባል እጅግ የጋለ ጋዝ ውስጥ ይረጫል፤ በዚያ ሙቀት እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የየራሱን ብርሃን ስለሚያወጣ፣ መሣሪያው የብርሃኑን ዓይነትና ድምቀት አንብቦ በሚሊዮን ውስጥ ስንት እጅ ብረት፣ ስንት እጅ መዳብ እንዳለ ይናገራል፤ ፒፒኤም የሚባለው ይኸው ነው። ይሁንና በፕላዝማው ውስጥ በደንብ ተንነው የሚቆጠሩት ከ5 እስከ 8 ማይክሮን የሚደርሱ ደቃቅ ቅንጣቶች ናቸው፤ ከዚያ የገዘፈው ስብርባሪ ሳይቆጠር ያልፋል። ስለዚህ የሜሪላንዱ ባለሙያ ፊልትሮውን ክፈቱ ማለታቸው ትክክል ነው፤ ወረቀቱ ንጹሕ ነው እያለ ፊልትሮው በብረት ፍርፋሪ የተሞላ ሞተር ሊኖር ይችላል። የእኔ ልዩነት ከእርሳቸው ጋር አንድ ነጥብ ላይ ነው፤ በፊልትሮው ላይ በዓይን የሚታይ ነገር እስኪመጣ ብንጠብቅ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው የምናውቀው፣ ደቃቁ ብረትና አቧራ ግን ቀደም ብሎ የሚታየው በወረቀቱ ላይ ነው።

ብረቱን በሺህ ማይል ማካፈልዎ ደግ ነው፤ ነገር ግን ስሌቱ ሁለቱ ዙሮች በዘይቱ ብቻ እንደተለያዩ አድርጎ ይወስዳል። አንደኛው ዙር ሙቀትና ረጅም መንገድ ነበረው፤ ሁለተኛው ብርድና አጭር መንገድ። በብርድ የተነሣ ሞተር እስኪሞቅ ድረስ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል፣ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን ያጥባል፣ ውስጡ የሚጠራቀመው እርጥበትም ለመትነን ጊዜ አያገኝም፤ ስለዚህ በክረምት አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና በማናቸውም ዘይት ቢሆን የተወሰነ ብረት ይጨምራል። ከዚህ በተጨማሪ ዘይት ሲፈስ ሁሉም አይወጣም፤ በሞተሩ የላይኛው ክፍል በቴስታታውና በቧንቧዎቹ ውስጥ የሚቀረው ከአሥር አንድ እጅ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ስለሚችል፣ የሁለተኛው ዙር ናሙና የመጀመሪያውን ዘይት ቅሪት ከነብረቱ ይዟል። በመካከሉ ዘይት ጎድሎ ጨምረው ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ተበርዟል። ያው ናሙና ሁለት ጊዜ ቢለካ እንኳ ሁለት ሦስት ፒፒኤም ሊለዋወጥ ይችላል። ከ8 ወደ 15 መሄዱ ግን ከዚህ ሁሉ ስለሚበልጥ ችላ ሊባል አይገባም።

የእኔን ዓይን የሳበው ብረቱ ሳይሆን ሲሊኮኑ ነው። ሲሊኮን ወደ ዘይት የሚገባባቸው ሦስት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው ራሱ ዘይቱ ነው፤ አምራቾች አረፋ እንዳይሠራ ጥቂት ሲሊኮን ያለበት ቅመም ይጨምራሉ፤ አዲስ ዘይት ከጠርሙሱ ሲመረመር ጥቂት ፒፒኤም የሚያሳየው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ሞተሩ ተከፍቶ ጋርኒሲዮን (በሞተሩ ክፍሎች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ሲቀየር የሚቀባው ማስቲካ ነው፤ ይህ ለተወሰኑ ዙሮች ሲሊኮኑን ከፍ አድርጎ ቀስ በቀስ ይወርዳል፣ ብረቱን ግን አያስነሣም። ሦስተኛው አፈር ነው። አፈር ሲሊኮንና አሉሚኒየም አብረው የሚገኙበት ስለሆነ ሁለቱ ተያይዘው ይጨምራሉ፤ ፒስተኑን በሚከብበው ፋሻና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል የገባችው የአቧራ ቅንጣት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ስለምትፍቅ ብረቱም ይከተላቸዋል። በእርስዎ ወረቀት ላይ ሦስቱም፣ ሲሊኮን ከ11 ወደ 27፣ አሉሚኒየም ከ2 ወደ 5፣ ብረት ከ8 ወደ 15፣ በአንድ ላይ ተነሥተዋል። በብዙ ሞተሮች የብሮንዚና መበላት ምልክት የሆኑት መዳብና እርሳስ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ዘይቱ ደካማ ሆኖ ቅባቱ እየከዳ ቢሆን ኖሮ ሲሊኮኑ የሚጨምርበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ይንገሩን። በዚያ ጊዜ ሞተሩን ከፍቶ የሠራ ሰው ነበረን? የአየር ፊልትሮው መቼ፣ በማን ተቀየረ? ከርካሹ ዘይት ያልተጠቀሙበት ቀሪ ካለስ ለብቻው ሊያስመረምሩት ይችላሉን? ያልተነካው ዘይት ቁጥር ሳይታወቅ ያገለገለውን ዘይት ማንበብ፣ መነሻው ሳይታወቅ መድረሻውን እንደመለካት ነው።

ስለ ቀሩት ቁጥሮች ባጭሩ ልበል። የ20 ደረጃ ዘይት ውፍረት በ100 ዲግሪ ከ6.9 እስከ 9.3 ሴንቲስቶክ ባለው ክልል ውስጥ መሆን ስላለበት 7.6 ደህና ነው፤ ትንሽ መቅጠኑ ከቤንዚን መቀላቀል ወይም ውፍረት የሚጠብቁት ረጃጅም ሞለኪውሎች ከመቆራረጣቸው ሊሆን ይችላል። ቲቢኤኑ 3.9ም ሆነ 2.1 ገና አላለቀም፤ እንደ አለካኩ ዘዴ ከ1 ወይም ከ2 በታች ሲወርድ ነው መቀየር የሚመከረው። ልዩነቱ ግን ትርጉም አለው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

መልስ፦ ቪትዝ ነጂ፣ አዲስ አበባ

በውይይቱ ብዙ ተምሬአለሁ። እኛ ዘንድ ጉዳዩ ከቅንጦት ያለፈ ነው፤ ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ በእጃችን ያለችውን መኪና ማቆየት ግድ ሆኖብናል። እኔ ግን እንደ ጠያቂው ጠርሙስ አሽጌ በፖስታ የምልክበት ላቦራቶሪ የለኝም። ያለኝ ከአንድ የከባድ መኪና መካኒክ የተማርኩት የወረቀት ምርመራ ነው። ሞተሩ እንደሞቀ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አወጣና ከጫፉ አንዲት ጠብታ በነጭ የቡና ማጥለያ ወረቀት ላይ አንጠባጥባለሁ፤ ወረቀቱን ጠረጴዛ ሳይነካው በብርጭቆ አፍ ላይ አስቀምጬ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ላይ መሐሉ ግራጫ ሆኖ ወደ ዳር ቀስ እያለ የሚደበዝዝ ክብ ካገኘሁ ዘይቱ ቆሻሻውን በትኖ መያዝ ይችላል ማለት ነው ተብያለሁ፤ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ተሰብስቦ ዙሪያው ባዶ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ደክሟል፤ ጫፉ እንደ መጋዝ ጥርስ ከተቆራረጠ ውሃ ገብቷል። ይህ ከላቦራቶሪው ጋር ምን ያህል ይቀራረባል?

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ አቧራ ነው። መንገዳችን በየቦታው ተቆፍሮ ስለሚከርም የአየር ፊልትሮውን በየወሩ አውጥቼ በኮምፕሬሰር አስነፋዋለሁ። ጥሩ እየሠራሁ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ሦስቱን መንገዶች ሳነብ ግን ጥርጣሬ ገባኝ።

በነገራችን ላይ ስለ ዘይት ደረጃ የሚጨነቁ የከተማችን ሰዎች ይህን ቢያዩት መልካም ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለችው አዲስ አበባ ጠዋት ትበርዳለች እንጂ ብርዱ እንደ ቨርጂኒያ ክረምት ስለማይከፋባት፣ የመጀመሪያው ቁጥር 0 ሆነ 5 ለእኛ የሚያመጣው ልዩነት እምብዛም ነው። እኔ 5ደብልዩ-30 እጠቀማለሁ።

መልስ፦ የቅባት መርማሪ፣ ጀርመን

የወረቀቱ ጠብታ ምርመራ አያፍሩበት፤ ዕድሜ ጠገብና ጠቃሚ ዘዴ ነው። ዘይቱ ቆሻሻን በትኖ የመያዝ አቅሙን፣ የውሃ መግባትንና አንዳንዴም የነዳጅ መብዛትን ያሳያል፤ የውጪው ጠርዝ ላይ የሚቀረው ቀጭን ቢጫ ቀለበት ዘይቱ ምን ያህል እንደተቃጠለም ፍንጭ ይሰጣል። ብረትና ሲሊኮንን ግን አያሳይም። በየዙሩ አንድ አንድ ወረቀት እየያዙ፣ ቀኑንና ኪሎሜትሩን ጽፈው ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው ከአንዱ ጠብታ ይልቅ ለውጡ ብዙ ይናገራል።

ኮምፕሬሰሩን ግን ይተዉት። ኃይለኛው አየር የፊልትሮውን ወረቀት በዓይን በማይታይ መልኩ ይበሳል፤ ሳጥኑ በተከፈተ ቁጥርም ከውጪ ያለው አቧራ ወደ ንጹሑ ወገን የመውደቅ ዕድል ያገኛል፣ የላስቲክ ማኅተሙም ይደክማል። ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ፤ የወረቀት ፊልትሮ ከሁሉ የተሻለ የሚያጣራው ጥቂት አቧራ ከያዘ በኋላ ነው፣ ምክንያቱም የተከማቸው አቧራ ራሱ ሌላ ማጣሪያ ይሆናል። ስለዚህ የጠቆረ ፊልትሮ ሁሉ መጥፎ አይደለም። አቧራ በሚበዛበት አገር ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ በአዲስ መቀየር እንጂ ማስነፋት አይመከርም።

ጠያቂው፦ የሦስት ልጆች አባት

ከሁለት ሳምንት በኋላ የተመለስኩት በዕፍረት ነው።

በመጀመሪያ፣ በጋራዥ መደርደሪያዬ ላይ ከርካሹ ዘይት ሩብ ጋሎን ያህል ተርፎኝ ስለነበር እርሱን ላክሁት። ሲሊኮኑ 5 ብቻ ሆኖ መጣ፤ ስለዚህ 27ቱ ከቅመሙ የመጣ አይደለም። ሞተሩን ደግሞ ማንም አልከፈተውም። የቀረው የአየር ፊልትሮው ነበር፤ እርሱን የቀየርኩት እኔው ራሴ ነኝ፣ በዚያው ዘይቱን በቀየርኩበት የጥቅምት ቀን፣ ብርዱ ከመግባቱ በፊት ልጨርስ ብዬ በጥድፊያ።

ቅዳሜ ጠዋት ኮፋኖውን ከፍቼ ሳጥኑን አየሁት። ከላይ ሲታይ የተዘጋ ይመስላል። ክዳኑን በጣቴ ስጫነው ግን ከመቆለፊያዎቹ አንዱ ከጥርሱ ውጪ ተንጠልጥሎ ኖሮ ክዳኑ በአንድ ማዕዘን ትንሽ ከፍ ዝቅ አለ። ከፈትኩት። የፊልትሮው የላስቲክ ጠርዝ በዚያ ማዕዘን በቦዩ ውስጥ አልተቀመጠም፤ ታጥፎ ወደ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ውስጡን በነጭ ሶፍት ስጠርገው፣ ሶፍቱ ላይ የጣቴን ስፋት የሚያህል ግራጫ መስመር ቀረ። ለማነጻጸር የሌላኛውን ወገን ግድግዳ ጠረግኩት፤ እርሱ ንጹሕ ነበር ማለት ይቻላል። አቧራው የገባው በአንዱ ማዕዘን ብቻ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ላሉት ወንድሜ፦ የዘይት ፊልትሮውንም ቆርጬ አይቼዋለሁ። ምንም የሚያብለጨልጭ ነገር የለበትም።

መልስ፦ የጋራዥ ሰው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እንግዲህ እኔም ቃሌን በከፊል አነሣለሁ። እንዲህ ያለ ክዳን በጋራዥ ውስጥ በሳምንት አንድ አያለሁ፤ ግን የማየው መኪናው ለሌላ ነገር ሲመጣልኝ ነው። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ ይህ ክዳን እስከሚቀጥለው የፊልትሮ መቀየሪያ ቀን፣ ምናልባት 25,000 ማይል ያህል፣ እንደተንጠለጠለ ይቀር ነበር።

ለሚያነቡ ሁሉ አንድ ነገር ልጨምር። ፊልትሮውን ስታስገቡ መጀመሪያ በታችኛው ወገን ያሉትን ማጠፊያ ጥርሶች አስገቡ፣ ከዚያ ማኅተሙን ዙሪያውን በጣታችሁ ዳብሱ፣ መቆለፊያዎቹን በመጨረሻ ዝጉ። ክዳኑ በኃይል ካልሆነ አልዘጋ ካለ ፊልትሮው ቦታው ላይ አልተቀመጠም ማለት ነውና አትግፉት። የዋጋው ርካሽ የሆነ ፊልትሮ ላስቲኩ አንዳንዴ አጭር ስለሚሆን ከአሮጌው ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ለኩት።

መልስ፦ የቅባት መርማሪ፣ ጀርመን

ሶፍቱ ላይ የቀረው መስመር ከማናቸውም ቁጥር ይበልጣል። አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፣ ማለትም ወደ ዘይቶቹ ንጽጽር፣ መመለስ ይቻላል፤ ግን ከዜሮ ጀምረው ነው።

ምክሬ ያንኑ ርካሽ ዘይት መልሰው እንዲሞሉና ከግንቦት እስከ ጥቅምት፣ በመጀመሪያው ዙር ዓይነት አነዳድ፣ 5,000 ማይል እንዲሄዱበት ነው። ናሙናውን ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ይውሰዱ፤ ሞተሩ ሞቆ፣ የመፍሰሻው ብሎን ተፈትቶ መጀመሪያ የሚወጣው ካለፈ በኋላ ከመሐል የሚፈሰውን ይያዙ፤ ከዘይት ማጠራቀሚያው ከኮፓው ግርጌ የተቀመጠው ዝቃጭ መጀመሪያ ስለሚወጣ እርሱ ውስጥ ጠርሙሱን ካስገቡ ቁጥሩ ይጋነናል። በጓንት ያድርጉት፣ ዘይቱ ያቃጥላል። ቅሪቱ ስላለ የሚቀጥለው ናሙና ትንሽ አቧራ ሊያሳይ ይችላል፤ እርሱን አስቀድመው ይወቁ።

ሲሊኮኑ ወርዶ ብረቱም ከወረደ ዘይቱ ነጻ ነው። እኔ እንደዚያ ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ፤ ምክንያቱን ልንገርዎ። ሁለቱም ጠርሙሶች ፊታቸው ላይ የፀሐይ ጨረር የመሰለውን ክብ ምልክት ከያዙ፣ ያ ምልክት ዘይቱ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለውን ጂኤፍ-6 የተባለ መለኪያ ወይም ከዚያ ወዲህ የመጣውን ማሟላቱን ያመለክታል። በዚያ መለኪያ መሠረት ብረትን ከብረት የሚከላከለው ቅመም ዋና ክፍል የሆነው ፎስፎረስ በ0ደብልዩ-20 ዘይት ውስጥ ከ600 ፒፒኤም ማነስ፣ ከ800ም መብለጥ አይችልም። ከ800 እንዳይበልጥ የተደረገው የጭስ ማጣሪያውን እንዳይመርዝ ነው። ስለዚህ ውዱም ርካሹም በዚህ ጠባብ ክልል ውስጥ ናቸው፤ በዋጋ የሚለያዩት በመሠረታዊ ዘይቱ ጥራት፣ ሙቀትን በመቋቋማቸውና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያገለግሉ ነው እንጂ በተለመደው መንገድ ብረትን በመከላከላቸው ብዙም አይደለም።

ቲቢኤኑ ትርጉም አለው ያልኩት ለዚህ ነው። ውዱ በ5,000 ማይል 3.9 ላይ ነበር፤ ወደ 10,000 ለመሄድ አቅም ያለው ይመስላል። ርካሹ በ4,300 ማይል 2.1 ላይ ደርሷል፤ ክረምቱና አጭሩ መንገድ ቢያባብሱትም 10,000 ማይል እንዲሄድ አልደፍርም። እንደ እርስዎ በየ5,000 ለሚቀይር ሰው ግን ሁለቱም ይበቃሉ። በዚህ መኪና ላይ ነው የምናገረው፤ ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭና ቱርቦ ያለው ሞተር ቢሆን ኖሮ ነዳጅ ወደ ዘይቱ መቀላቀሉ ስለሚበዛ ሌላ ነገር እል ነበር።

አንድ ናሙና ግን አንድ ናሙና ነው። ሁለት ዘይቶችን በእውነት ለማወዳደር ለእያንዳንዳቸው በተከታታይ ቢያንስ ሦስት ዙር ያስፈልጋል፤ በአንድ የቤተሰብ መኪና ይህ ሁለት ሦስት ዓመት ይወስዳል፤ ብዙ ሰው ትዕግሥቱ የለውም።

ጠያቂው፦ የሦስት ልጆች አባት

ከአምስት ወር በኋላ የገባሁትን ቃል ልፈጽም። ያው ርካሽ ዘይት፣ 5,100 ማይል፣ በመካከሉ እንደ ቀድሞው አንድ ጊዜ ወደ አትላንታ ተጉዘንበታል። ብረት 9፣ አሉሚኒየም 2፣ መዳብ 2፣ እርሳስ 0፣ ሲሊኮን 12፣ ውፍረት 8.0፣ ቲቢኤን 2.6። ለሺህ ማይል ብረቱ ወደ 1.8 ወርዷል፤ ከውዱ ጋር ያለው ልዩነት የቅባት መርማሪው የነገሩን የአለካክ መወዛወዝ ውስጥ የሚገባ ነው። ቲቢኤኑ ግን እንደ ተባለው ከውዱ ያነሰ ሆኖ ቀርቷል።

ርካሹን ዘይት ቀጥዬበታለሁ፤ በየ5,000 ማይሉ መቀየሬንም አልተውኩም። ለሚቀጥለው ዙር ናሙና አልልክም፤ በየሦስተኛው ዙር አንድ ጊዜ፣ ዘይቱን ለመመዘን ሳይሆን የሞተሩን ጤና ለመጠየቅ እልካለሁ። የአየር ፊልትሮውን ክዳን ግን አሁን ቤንዚን በቀዳሁ ቁጥር በጣቴ እጫነዋለሁ፤ ባለቤቴ ትስቅብኛለች።

መልስ፦ ቪትዝ ነጂ፣ አዲስ አበባ

ጋሼ፣ ክዳኑን በጣት ተጫኑት ያሉትን አንብቤ እኔም ዛሬ ከሥራ ስመለስ የራሴን ከፈትኩ። ቱቦው ውስጥ በሶፍት ጠረግኩ፤ ሶፍቱ ቀይ አፈር መስሎ ወጣ። ፊልትሮውን ወደ ፀሐይ አንሥቼ ባየው ወረቀቱ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ሦስት የብርሃን ነጥብ አለበት፤ የኮምፕሬሰሩ ሥራ መሆኑ ነው። ማኅተሙም በአንድ ወገን ደርቆ ተሰንጥቋል። ነገ ሶማሌ ተራ ወርጄ አዲስ እገዛለሁ፤ አሮጌውን ይዤ ነው የምሄደው፣ ላስቲኩን አጠገብ ለአጠገብ ለመለካት።